ምክንያቱ የት ይጻፋል?

ወረቀቱ አንድ ገጽ ብቻ ነበር። ከላይ የመዝገቡ ቁጥርና የተከሳሹ ስም ሰፍሯል፤ ከሥሩ ሁለቱ ክሶች በተራ ተጽፈዋል፤ ከየክሱ ጎን ምልክት የሚደረግባቸው ሁለት ባዶ ሳጥኖች አሉ፤ አንዱ «ጥፋተኛ ነው»፣ ሌላው «ጥፋተኛ አይደለም» ይላል። ግርጌው ላይ ለሰብሳቢያችን ፊርማና ለቀኑ የተተወ መስመር አለ። ወረቀቱ እጄ ሲገባ ገልብጬ ጀርባውን አየሁት፤ ምንም የለበትም። «ምክንያታችንን የምንጽፈው የት ነው?» ብዬ ስጠይቅ፣ አጠገቤ የተቀመጡት ጡረታ የወጡ መምህርት ጥያቄው እንግዳ ሆኖባቸው ለአፍታ አዩኝና፣ «የትም አንጽፍም» አሉኝ።

ይህ ከሆነ ቆይቷል፤ ጥያቄው ግን እስካሁን አልለቀቀኝም። በዋሽንግተን ዙሪያ የምንኖርና የአሜሪካ ዜግነት የያዝን ኢትዮጵያውያን የጁሪ (ክስ ሰምተው ጥፋተኛ ነው ወይም አይደለም ብለው የሚወስኑ ተራ ዜጎች) ጥሪ በፖስታ ሲደርሰን አስቀድመን የምናስበው ከሥራ የምንቀርበትን ቀን ነው። እኔም እንዲሁ ነበርኩ። ስለ ጥበቃው አዳራሽ፣ ስለ አመራረጡና ጠበቆቹ ስለሚጠይቁት ጥያቄ አብዛኞቻችሁ ከራሳችሁ ወይም ከወዳጅ የሰማችሁት ስለሆነ አልደግመውም። የማወራው በሩ ተዘግቶብን ስለተቀመጥንባት ክፍልና ስለዚያ ወረቀት ነው።

አንድ ምስክር፣ ሁለት ክስ

ተከሳሹ ገና ወጣት ነው። ክሱ እንደሚለው፣ በአንድ የመኪና ማቆሚያ ቦታ በምሽት በተነሣ ጠብ አንድን ሰው በቡጢ መትቶታል፤ ወዲያውም ቢላዋ አውጥቶ አስፈራርቶታል። ድርጊቱን የቀረጸ ካሜራ የለም። ቢላዋም አልተገኘም፤ የሐኪም ማስረጃም አልቀረበም። ዐቃቤ ሕጉ በእጁ የነበረው የተበዳዩ ቃል ብቻ ነበር። ተከሳሹ በበኩሉ የምስክርነት ቃል አልሰጠም፤ ዳኛዋም ዝምታውን እንደ ጥፋት እንዳንቆጥርበት ደጋግመው አስጠነቀቁን።

እኔ ነገሩን ያየሁት እንዲህ ነበር፦ ቡጢውንም ቢላዋውንም የነገረን ያው አንድ ሰው ነው፤ የተናገረውም በአንድ ደቂቃ ውስጥ ተፈጸመ ስለተባለ ነገር ነው። ቃሉን ካመንነው ሁለቱንም ክሶች እንቀበላለን፣ ከተጠራጠርነው ደግሞ አንዱንም አንቀበልም። በመጀመሪያው ድምፅ አሰጣጥ ከአሥራ ሁለታችን ገሚሱ «ሁለቱንም»፣ ገሚሱ «አንዱንም» ብሎ ተከፈለ። ቀኑ እየገፋ ሲሄድ ግን ከጠረጴዛው ማዶ የተቀመጠ ሰው፣ «ቢላዋውን እንተወውና ቡጢውን እንያዝ» አለ። ለምን እንዲያ እንደሚሻል የጠየቀ አልነበረም። ያን ያህል ሰዓት ሲከራከሩ የቆዩት ሁለቱም ወገኖች፣ በገበያ ዋጋ ላይ እንደተስማሙ ሰዎች፣ እፎይ ሲሉ አየኋቸው።

ዳኛዋ ቅጣት የእሳቸው ሥራ እንጂ የእኛ እንዳልሆነና ስለ ቅጣት እንዳናስብ አዘውናል። በዚያች ክፍል ግን፣ ስሙ ሳይነሣ፣ ሁሉም የሚያስበው ስለ ቅጣት ይመስለኝ ነበር። ወጣቱ በከባዱ ክስ ስንት ዓመት ሊታሰር እንደሚችል አናውቅም፤ ብዙ እንደሚሆን ግን ሁላችንም እንገምታለን። ወረቀቱን ገልብጬ ያየሁትም ያኔ ነው። መምህርቷ ከመለሱልኝ በኋላ ጥያቄዬን ትንሽ ቀየርኩት፤ «ግዴላችሁም፣ አብራሩ ብንባል ምን ብለን እንጽፍ ነበር?» አልኩ። ክፍሉ ጸጥ አለ። የቡጢውን ሐሳብ ያቀረበው ሰው፣ «እንኳን አልተባልን!» ሲል ብዙዎቹ ሳቁ፤ እኔም አብሬ ሳቅሁ። ከዚያ እጃችንን አወጣንና ሰብሳቢያችን ፈረመች።

በውጤቱ አላፍርበትም። በዚያ ማስረጃ ላይ ለዚያ ወጣት ከዚያ የተሻለ ውሳኔ ማግኘት ይቻል እንደነበር ዛሬም እርግጠኛ አይደለሁም። የሚከነክነኝ ሌላ ነው። ወጣቱ በቆመበት ውሳኔው ሲነበብለት በአንዱ ነፃ፣ በሌላው ጥፋተኛ መባሉን ሰማ፤ የትኛውን ቃል አምነን የትኛውን እንደጣልን ግን አልሰማም፤ ሊሰማም አይችልም። ይግባኝ ቢል እንኳ ጠበቃው የሚሞግተው የእኛን ምክንያት አይደለም፤ የዳኛዋን ትእዛዝና የማስረጃውን አቀራረብ ነው። የእኛ ምክንያት በመዝገቡ ውስጥ የለም።

ኋላ ሳነብ እንደተረዳሁት፣ የአሜሪካ ሕግ ይህን አውቆ ነው የተወው። የአገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ1932 በዳን፣ በ1984 ደግሞ በፓወል መዝገብ፣ የጁሪ ውሳኔ በአንዱ ክስና በሌላው መካከል እርስ በርሱ ቢቃረን እንኳ በዚህ ብቻ አይሻርም ብሏል። ተቃርኖው ከምሕረት፣ ከመቻቻል ወይም ከስሕተት ሊመጣ ይችላል፤ የትኛው እንደሆነ ለማወቅ ግን ወደ ክፍሉ መግባት ያስፈልጋል፤ ሕጉ ደግሞ ያን በር አይከፍትም። በሩ ምን ያህል እንደተዘጋ የሚያሳየው የ1987ቱ የታነር መዝገብ ነው። በዚያ ጉዳይ አንዳንድ የጁሪ አባላት በችሎቱ ቀናት አልኮል ይጠጡ፣ አደንዛዥ ዕፅ ይወስዱና ችሎት ላይ ያንቀላፉ እንደነበር ከራሳቸው ከአባላቱ ተነግሯል፤ ፍርድ ቤቱ ግን ውሳኔውን ለማፍረስ የእነሱን ምስክርነት መስማት አይፈቀድም አለ። ሠላሳ ዓመት ቆይቶ፣ በ2017፣ ከጁሪው አንዱ ተከሳሹን በዘሩ ምክንያት ጥፋተኛ ማለቱን በግልጽ በተናገረበት የኮሎራዶ ጉዳይ ብቻ ጠባብ ቀዳዳ ተከፈተ።

የአባቴ የውሳኔ ግልባጭ

ጥያቄው እኔን ይህን ያህል የያዘኝ ከየት እንደመጣ ለማወቅ ሩቅ መሄድ አላስፈለገኝም። አባቴ ከዘመዳቸው ጋር በውርስ ቤት ተካሰው ተረትተዋል። የውሳኔው ግልባጭ በፕላስቲክ ተጠቅልሎ ከቤቱ ካርታና ከእኛ የልደት ወረቀቶች ጋር በአንድ ሳጥን ውስጥ ይቀመጥ ነበር። ልጅ ሆኜ ጮክ ብዬ ያነበብኩት የመጀመሪያው የፍርድ ቤት ጽሑፍ እሱ ነው፤ አባቴ «እስቲ ከጭብጡ ጀምርልኝ» ይሉኝ ነበር። ዳኛው ጭብጥ ይዘዋል፣ ማለትም የሚወሰነውን ጥያቄ ለይተዋል፤ የሁለቱንም ወገን ምስክሮች ቃል ባጭሩ አስፍረዋል፤ ከዚያ የአባቴ ሁለተኛ ምስክር ስለ ስጦታው ያወቁት በወሬ እንጂ በዓይናቸው አይተው አይደለም ብለው ቃላቸውን ለምን እንደማይቀበሉት ጽፈዋል። አባቴ ያንን አንቀጽ በቀይ እስክርቢቶ አስምረውበታል።

እንግዲህ አባቴ በዚህ አንቀጽ ላይ ዕድሜ ልካቸውን ተከራክረዋል። ምስክሩ በዓይናቸው አይተዋል፤ ጥያቄው ነው የተጠማዘዘው ይሉ ነበር። ነገር ግን አንድ ቀን እናቴ «ያ ዳኛ ሳይሰማህ ነው የፈረደብህ» ስትል፣ አባቴ ቀና ብለው፣ «የለም፤ ሰምቶኛል። ሰምቶኝ ነው ያልተቀበለኝ። ይኸው ጽፎታል» አሉ። ልዩነቱ ያኔ አልገባኝም ነበር። ተሸናፊ ሰው ከፍርድ ቤት ይዞት የሚወጣው ነገር ቢኖር ይህ ብቻ ነው፤ አሸናፊው ምክንያቱን አንብቦም አያውቅም፤ ቤቱን ተረክቧልና።

ይህ የዳኛው በጎ ፈቃድ አልነበረም። በእኛ አቆጣጠር የ1958ቱ የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕግ በአንቀጽ 182 ፍርድ ጭብጡን፣ ውሳኔውንና የውሳኔውን ምክንያት እንዲይዝ ደንግጓል። በወንጀልም የ1954ቱ የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕግ በአንቀጽ 149 ዳኛው የማስረጃውን ፍሬ ነገር እንዲያሰፍር፣ የተቀበለውን ለምን እንደተቀበለ፣ የጣለውንም ለምን እንደጣለ እንዲገልጽ አዟል። ዳኞች በሐሳብ ከተለያዩም የአነስተኛው ድምፅ ሐሳብ በመዝገቡ ይሰፍራል፤ በሰበር ሰሚ ችሎት የታተሙ ቅጾች ውስጥ «የሐሳብ ልዩነት» በሚል ርእስ የሚመጡትን ገጾች ከዋናው ፍርድ ይልቅ የሚወዱ የሕግ ሰዎች አውቃለሁ። ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ የሚለው አባባል በችሎት ቋንቋ ሲገለጥ ይህን ይመስላል።

ይህን ስል የእኛን ለማሞካሸት አይደለም። ማንም ባለጉዳይ እንደሚያውቀው፣ በይግባኝ ደረጃ መዝገቡ በፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕጉ አንቀጽ 337 ሲዘጋ መልስ ሰጪው እንኳ ሳይጠራ በሁለትና በሦስት መስመር ሊያልቅ ይችላል። ሰበርም አቤቱታውን ሲያጣራ «መሠረታዊ የሕግ ስሕተት የተፈጸመበት ሆኖ አላገኘነውም» ብሎ የሚመልሳቸው መዝገቦች ከዚህ የረዘመ ማብራሪያ ላይኖራቸው ይችላል። የአባቴ ይግባኝ የተዘጋው በእንደዚህ ያለ ትእዛዝ ነው፤ ያንን ወረቀት ግን ከሳጥኑ ውስጥ አላገኘሁትም፤ ሳይቀደድ አይቀርም። ከዚህም በላይ፣ ምክንያት በቅድሚያ የተወሰነን ነገር ለማልበስም ሊጻፍ ይችላል። ረዥም ሐተታ በራሱ የሐቀኝነት ማስረጃ አይሆንም። ሆኖም የተጻፈ ውሸት የሚነበብና የሚሞገት ውሸት ነው።

ዝምታው ከየት መጣ

መጀመሪያ ላይ የጁሪውን ዝምታ እንደ ስንፍና ቆጥሬው ነበር። አመለካከቴን ያለዘበው እ.ኤ.አ. በ1670 በለንደን የታየው የዊልያም ፔንና የዊልያም ሚድ ክስ ነው። ሁለቱ ኩዌከር የሚባለው የክርስትና ወገን ተከታዮች ሲሆኑ፣ የተከሰሱት በአደባባይ መንገድ ላይ ሕዝብ ሰብስበው ሰብከዋል ተብሎ ነበር። ጁሪው ፔን በዚያ መንገድ ላይ መናገሩን ብቻ አምኖ ከዚያ በላይ አልሄድም አለ። ዳኞቹ ተቆጡ፤ አሥራ ሁለቱን ሰዎች ያለ ምግብ፣ ያለ ውሃና ያለ እሳት ዘጉባቸው፤ እነሱም በመጨረሻ ጭራሽ ሁለቱንም ነፃ ብለው ወጡ። ስለዚህ ተቀጡ፤ መቀጮውን አንከፍልም ያሉትም ታሰሩ። ከእነሱ አንዱ ኤድዋርድ ቡሸል አቤት አለና ዋና ዳኛ ጆን ቮን የጁሪ አባል በሰጠው ውሳኔ ምክንያት ሊቀጣ አይችልም ብለው ፈረዱ። ፔን ከዓመታት በኋላ ባሕር ተሻግሮ በአባቱ ስም የተጠራችውን ፔንሲልቫኒያን መሠረተ።

ከዚህ በኋላ ወረቀቱ ላይ ምክንያት የሚጻፍበት ቦታ አለመኖሩን በሌላ ዓይን አየሁት። ቡሸልና ጓደኞቹ «ለምን?» ተብለው በጽሑፍ እንዲመልሱ ቢገደዱ ኖሮ ያን ምክንያት ይዘው የሚመረምሯቸው እነዚያው የተቆጡ ዳኞች ነበሩ። ነፃ ያሉበት ምክንያት በሕግ ዓይን ደካማ ሆኖ ሊገኝም ይችል ነበር፤ ምናልባት ሕጉን ራሱን ጠልተውት ይሆናል። ዝምታው ከመንግሥት ጋር ለሚጋፈጥ ተራ ሰው ጋሻ ነው። ዳኛ የመንግሥት ደመወዝተኛ ነው፤ ሥልጣኑ ቋሚ ስለሆነ ምክንያቱን ሊጠየቅ ይገባል። የጁሪ አባል ግን ነገ ወደ ሱቁ ወይም ወደ መኪናው መሪ የሚመለስ ሰው ነው።

በእኛም አገር ባለሙያ ያልሆነ ሰው በፍርድ ይሳተፍ ነበር። በቀድሞው ችሎት የተቀመጡት ሰዎች አስተያየታቸውን የሚሰጡት ከታናሹ ተጀምሮ ወደ ታላቁ ነው፤ ታላቁ አስቀድሞ ከተናገረ ታናሹ ሌላ ሐሳብ ሊያወጣ አይደፍርምና። ይህ ብልህነት በዚያች ክፍላችን ውስጥ ቢኖር እመኝ ነበር፤ እዚያ መጀመሪያ የሚናገረው ድምፁ የጎላው ነበር። ነገር ግን የችሎቱ ሰዎች ሐሳባቸውን የሚሰጡት በተከራካሪዎቹ ፊት ነው። ባለጉዳዩ ማን ምን ብሎ እንደፈረደበት በጆሮው ይሰማል። «በሕግ አምላክ ሲሉት እንኳን ሰው ወራጅ ውሃ ይቆማል» ሲባል የነበረው፣ ውሃው ለምን እንደቆመ በአደባባይ በሚነገርበት ዓለም ነው።

በመካከል የተሞከረው

ዝምታውን ሳያፈርሱ ምክንያት ለማግኘት የሞከሩ አገሮች አሉ። የቤልጅየሙን ጉዳይ የማነሣው ከሌሎቹ ይልቅ የእኛን ክፍል ስለሚመስል ነው። በሊዬዥ ከተማ የቀድሞ ሚኒስትር አንድሬ ኩልስ እ.ኤ.አ. በ1991 ተገድለው፣ ከተከሳሾቹ አንዱ በ2004 በጁሪ ጥፋተኛ ተብሎ የሃያ ዓመት እስራት ተፈረደበት። ለጁሪው ከቀረቡት 32 ጥያቄዎች እሱን የሚመለከቱት አራት ብቻ ነበሩ፤ መልሳቸውም «አዎ» ወይም «አይደለም» ነው። ሰውየው ስትራስቡርግ ወደሚገኘው የአውሮፓ የሰብአዊ መብቶች ፍርድ ቤት ሄደ። ታላቁ ችሎት በኅዳር 2010 (እ.ኤ.አ.) ጁሪ የግድ ምክንያት ይጻፍ አላለም፤ ያለው፣ የተፈረደበት ሰው ለምን እንደተፈረደበት ሊገባው ይገባል፣ እነዚያ አራት ጥያቄዎች ግን ያን አያስረዱም ነው። አባቴ ይህን ቢሰሙ ምን እንደሚሉ አውቃለሁ።

ቤልጅየም ገና የመጨረሻው ፍርድ ሳይወጣ ሕጓን ቀየረች። ፈረንሳይ በ2011 ባወጣችው ሕግ ዳኞችና የጁሪ አባላት አብረው በሚወስኑበት ችሎት ዋና ዋናዎቹ ምክንያቶች በጽሑፍ እንዲሰፍሩ አዘዘች። ጃፓን ደግሞ ከ2009 ጀምሮ በከባድ ወንጀሎች ሦስት ዳኞችን ከስድስት ተራ ዜጎች ጋር አንድ ላይ ታስቀምጣለች፤ ውሳኔው በአብላጫ ድምፅ ሆኖ ቢያንስ አንድ ዳኛ የደገፈው መሆን አለበት፤ ከዚያ ዳኞቹ ፍርዱን ከነምክንያቱ ይጽፉታል። ዜጎቹ ግን በክፍሉ የተባለውን ካወጡ በእስራት ሊቀጡ ይችላሉ። አሜሪካ ተቃራኒዋ ናት፤ እኛ ከተሰናበትን በኋላ ዐቃቤ ሕጉ በኮሪደሩ ላይ አግኝቶን ምን እንዳሰብን ሲጠይቀን መመለስ ተፈቅዶልናል። አንዳንዶቹ መለሱለት። ስለዚህ ምክንያቱ ተነገረ፤ የተነገረው ግን ለከሳሹ ጠበቃ ነው፤ ለተፈረደበት አይደለም፤ በመዝገቡም አልገባም።

እዚህ ላይ አንድ ነገር በቅንፍ ያህል ላንሣ። ይህ ሁሉ ክርክር የሚመለከተው ጥቂቱን ተከሳሽ ነው። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ራሱ በ2012 እንደጠቀሰው፣ በፌዴራል ፍርድ ቤቶች ከሚሰጡት የጥፋተኝነት ውሳኔዎች 97 በመቶው፣ በክፍለ ግዛቶቹም 94 በመቶው ተከሳሹ ጥፋቱን በማመኑ የሚገኙ ናቸው። እዚያ ያለው ድርድር የሚካሄደው በዐቃቤ ሕግና በጠበቃ መካከል ነው። የእኛ «ቢላዋውን እንተው» ከዚያ ጋር ሲነጻጸር ቢያንስ አሥራ ሁለት ሰው አይቶታል።

ለእኔ ከሁሉም ይበልጥ አስቸጋሪ የሆነው የስፔን መንገድ ነው። የ1995ቱ ሕግ ዘጠኙ የጁሪ አባላት ራሳቸው፣ ያለ ዳኛ፣ የትኛው ማስረጃ እንዳሳመናቸው ባጭሩ እንዲጽፉ ያዛል። ልክ እኔ ጀርባውን ገልብጬ የፈለግሁት ባዶ ቦታ ማለት ነው። ነገር ግን በ1997 በሳን ሴባስቲያን የተቀመጠ ጁሪ ሁለት የባስክ ክልል ፖሊሶችን በመግደል የተከሰሰን ሰው ነፃ ሲለው፣ የበላይ ፍርድ ቤት ምክንያቱ በቂ አይደለም ብሎ ውሳኔውን ሰረዘው። የአገሪቱ ሕገ መንግሥታዊ ፍርድ ቤትም በ2004 ይህን አጸና። ያኔ የተቆጡ ብዙዎች ነበሩ፤ የተገደሉት ሁለት ፖሊሶች ቤተሰቦች ሐዘን ውስጥ ነበሩ፤ ቁጣቸው ይገባኛል። ሆኖም ነፃ የተባለ ሰው የፈረዱለት ሰዎች በደንብ ስላልጻፉ ተመልሶ ሊከሰስ ይችላል ማለት የቡሸልን ጋሻ ከሌላ በር መውሰድ ነው። በአሜሪካ ይህ አይደረግም፤ ነፃ የተባለ ነፃ ነው።

ስለዚህ እያንዳንዱን ካየሁ በኋላ የቆምኩት ሚዛኑ እኩል ያልሆነ ቦታ ላይ ነው። ጥፋተኛ የተባለ ሰው ቢያንስ አንድ አንቀጽ ይገባዋል፤ ማንን እንዳመንንና ማንን እንዳላመንን የሚናገር አንቀጽ። ነፃ ለተባለው ግን አንዲት ቃል መጻፍ ሊጠየቅ አይገባም። በእኛ ጉዳይ ቢሆን ስለ ቡጢው እንጽፍ ነበር፤ ስለ ቢላዋው ዝም እንላለን። ምናልባት ስለ ቡጢው መጻፍ ስንጀምር የቢላዋው ነገር ራሱ ይነሣና ስምምነታችን ይፈርስ ነበር፤ ያ ከሆነ ደግሞ ያ ውሳኔ መፍረስ የነበረበት ነው።

ይህ ሐሳቤ የሚጎዳው ሰው ማን እንደሆነ አውቃለሁ። ተበዳዩ በሁለተኛው ረድፍ ተቀምጦ ነበር። ቢላዋ ወጥቶብኛል ብሎ ምሎ መስክሮ «ጥፋተኛ አይደለም» ሲባል ሰማ፤ ውሸታም ተብሎ ይሁን፣ ወይም ተጠርጥሮ፣ ወይም ስለ ወጣቱ ዕድሜ ተብሎ፣ አያውቅም። በእኔ ሕግ እሱ ምንም አያገኝም። የስፔኑ ሕግ ግን ይሰጠዋል፤ ዋጋው የሌላ ሰው ነፃነት ሁለተኛ ጊዜ መከፈቱ ነው። ይህን ዋጋ መክፈል አልፈልግም፤ ለተበዳዩ ፊት ለፊት እንድነግረው ብጠየቅም የምለው ይህንኑ ነው፤ እሱም እንደማይቀበለኝ አውቃለሁ።